የቤት ስም በማህደረ ትውስታ ጓዳ

ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ይመታል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። አንዲት መስመር ለማውጣት እየተንገጫገጨ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ይገፋል፣ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በነበረው የቤል ላብራቶሪ ዩኒክስን ሲሠሩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በዚህ ዕቃ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 15 ፊደል ያለው ስም በወጣ ቁጥር አንድ ሰከንድ ተኩል ይበላል፤ ሃያ ጊዜ ከተደጋገመ ግማሽ ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ለነገሮች ረጅም ስም የሚያወጣ አይገኝም።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ለረጅም ስም ትዕግሥት አልነበረውም። ከአንድ ስም የሚያስተውለው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው። ከፋይል ወደ ፋይል የሚሻገሩ ስሞች ደግሞ በፒዲፒ 11 ኮምፒውተር ላይ 7 ፊደል ላይ ይቆረጣሉ፤ የተረፈው ቢጻፍም ባይጻፍም አንድ ነው። ሌላም ጣጣ ነበር። በሲ ቋንቋ ስትራክት የሚባሉት የመረጃ ጥቅሎች አባሎቻቸውን የሚያስመዘግቡት በአንድ መዝገብ ስለነበር፣ ሁለት የተለያዩ ስትራክቶች «ሳይዝ» የሚል አባል እንደልባቸው ሊይዙ አይችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ከፊቱ የቤተሰቡ ምልክት ተለጠፈበት፤ የማፑ «ኤም ሳይዝ»፣ የፕሮሰሱ «ፒ ሳይዝ» ተባለ። እገዳው ከተነሳ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በዛሬው ሊኑክስ ግን የአንድን የማህደረ ትውስታ ክልል መነሻና መድረሻ የሚይዙት አባላት አሁንም «ቪኤም ስታርት» እና «ቪኤም ኢንድ» ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ያሳስታል፤ የክልሉን የመጨረሻ ባይት ሳይሆን ከክልሉ ውጭ ያለውን የመጀመሪያ ባይት ነው የሚያመለክተው።

አማርኛ ለዚህ የኮምፒውተር ክፍል «ማህደረ ትውስታ» የሚል ስም ሰጥቶታል። የሚገርመው፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ማህደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው ኮድ ራሱ የትውስታ ማህደር ነው። የሞተ ማሽን፣ የተተወ ዕቅድ፣ የተሻረ እገዳ ሁሉ በውስጡ ስማቸውን ጥለው ሄደዋል።

ስድስተኛው እትም ዩኒክስ በ1975 ወጣ። ማህደረ ትውስታን የሚያከፋፍለው ፋይል ሁለት አጫጭር ፋንክሽኖች አሉት፤ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ መልሶ ይቀበላል። የሚሠሩት በሁለት ሰንጠረዦች ላይ ነው። «ኮርማፕ» የዋናውን ማህደረ ትውስታ ክፍት ቦታ ይመዘግባል፤ «ስዋፕማፕ» ደግሞ ፕሮግራሞች ተራቸው እስኪደርስ የሚተኙበትን የዲስክ ቦታ። «ኮር» የሚለው ቃል ያኔም ቢሆን ያረጀ ነበር። ማህደረ ትውስታ በሽቦ ላይ ከተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ በነበረበት ዘመን አንዱ ቀለበት አንድ ቢት ይይዝ ነበር፤ ቀለበቱም ኮር ይባላል። ቀለበቶቹ ሙዚየም ከገቡ ቆይተዋል። ዛሬም ግን አንድ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲወድቅ ትቶት የሚሄደው ፋይል «ኮር ደምፕ» ነው የሚባለው።

የሁለቱ ሰንጠረዦች መለኪያ አይገጥምም። በኮርማፕ 1 ማለት 64 ባይት ነው፤ በስዋፕማፕ 1 ማለት አንድ የዲስክ ብሎክ፣ 512 ባይት ነው። ስሙ ግን ለሁለቱም «ኤም ሳይዝ» ነው። ገበያ ወጥቶ «ሁለት ስጠኝ» ብሎ ዝም እንደሚል ሸማች ነው፤ ሁለት ቁና ይሁን ሁለት ጣሳ ነጋዴው ይወቅ። በዚያ ላይ ይህ መጠን የታወጀው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ጠቋሚ፣ ማለትም እንደ አድራሻ ነው። የዚያን ጊዜው ሲ ከዜሮ በታች የማይወርድ የቁጥር ዓይነት ስላልነበረው፣ ጠቋሚን በቁጥር ፋንታ መጠቀም የታወቀ ዘዴ ነበር። ኮዱን አሁን የሚያነብ ሰው ግን ያንን ታሪክ ካላወቀ፣ መጠን እንዴት አድራሻ እንደሆነ ሲያሰላስል ያድራል።

ቦታ መላሹ ፋንክሽን ከሚቀበላቸው ነገሮች ሦስተኛው «ኤኤ» ይባላል፤ ወዲያው ወደ «ኤ» ይገለበጣል። ዘመናዊ መምህር ይህን ቢያይ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት ፊደላት ላይ መፍረድ አይገባም። ፋንክሽኑ አንድ ማያ ገጽ አይሞላም፤ «ኤኤ» ተወልዶ የሚሞተው እዚያው ነው። የቤት ስም ነው። ልጅ በእናቱ ጓዳ «ማሙሽ» ቢባል ማንም ከማንም አያምታታውም፤ ችግር የሚመጣው የቀበሌ መታወቂያው ላይ «ማሙሽ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ነው።

በ1977 ጆን ሊዮንስ የተባሉ መምህር በሲድኒ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዚህን ዩኒክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ሙሉ ኮድ ለተማሪዎቻቸው አባዙ። ኮዱ ዘጠኝ ሺህ መስመር ያህል ነበር፤ መምህሩ መስመር በመስመር የሚያብራራ ሐተታም አዘጋጁለት። አንድምታ ትርጓሜን ይመስላል፤ እዚህ ግን ዘሩ በአንድ ጥራዝ፣ ትርጓሜው በሌላ ነው። ከ1979ኙ ሰባተኛ እትም ጋር የመጣው ፈቃድ ኮዱን ክፍል ውስጥ ማስተማርን ሲከለክል፣ የሊዮንስ ሐተታ ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየተወለደ በየዩኒቨርሲቲው ተሰራጨ። በመጽሐፍ መልክ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። ያ ሁሉ ተማሪ ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ ያፈጠጠው ስሞቹ ብቻቸውን ስለማይናገሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ኮድ ውስጥ በዓለም የታወቀችው አንዲት ማስታወሻ ናት፤ አንባቢውን «ይህን ትረዳለህ ተብሎ አይጠበቅም» የምትል። ብዙ ሰው እንደ ትዕቢት ቆጥሯታል። ሪቺ ቆይተው እንዳብራሩት፣ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» በሚል መንፈስ የተጻፈች ነበረች፤ ዋናው ችግር ደግሞ እነሱ ራሳቸው ነገሩ በቅጡ አልገባቸውም ነበር። ማስታወሻዋ የቆመችው ወደ ዲስክ ተወስዶ የነበረ ፕሮግራም ወደ ማህደረ ትውስታ ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል በሚያደርገው ቦታ ነው። ቀልዷ ሲጠቀስ የማይነሳ ነገር አለ። እዚያው አካባቢ የፕሮግራሙን የቆመበት ነጥብ የሚይዙ ሦስት ቫሪያብሎች አሉ፦ «ዩ አርሳቭ»፣ «ዩ ኪውሳቭ»፣ «ዩ ኤስሳቭ»። አንዱ ለተራ ቅያሪ፣ አንዱ ለማቋረጫ ምልክት፣ አንዱ ከዲስክ ለተመለሰ። በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ያቺን ፊደል የሳተ ሌላ ቦታ ነው የሚነቃው። ማስታወሻዋን የወለዳት የሐሳቡ ረቂቅነት እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ሦስቱ መንትያ ስሞች ግን አላገዟትም።

ከዩኒክስ ሰፈር ውጭም ቢሆን ሁኔታው ያው ነበር። በቡዳፔስት የተወለዱት ቻርልስ ሲሞኒ ለቫሪያብል ስም መነሻ የሚሆን አጭር ምልክት የመስጠት ልማድ ወደ ማይክሮሶፍት ይዘው ገቡ፤ «የሀንጋሪ አጻጻፍ» ተባለ። የሲሞኒ ሐሳብ ምልክቱ የነገሩን ባሕርይ እንዲናገር ነበር፤ የረድፍ ቁጥር ከዓምድ ቁጥር እንዳይደባለቅ። የዊንዶውስ ሠራተኞች ጋ ሲደርስ ግን ምልክቱ የመረጃውን ዓይነት መናገር ያዘ። በ16 ቢቱ ዘመን ማህደረ ትውስታ 64 ኪሎባይት በሆኑ ክልሎች የተከፋፈለ ስለነበር፣ ከክልሉ የሚወጣ ጠቋሚ «ሎንግ ፖይንተር» ይባላል፤ ምልክቱም «ኤልፒ» ሆነ። ወደ 32 ቢት ሲኬድ የረጅምና የአጭር ጠቋሚ ልዩነት ጠፋ። «ኤልፒ» ግን ቀረ፤ ዛሬም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት አይቶት የማያውቀውን ማሽን ምልክት በየመስመሩ ይተይባል። ቦታ የሚሰጡት «ግሎባል አሎክ» እና «ሎካል አሎክ» ደግሞ ያኔ የተለያዩ ሁለት ጎተራዎች ነበሩ። አሁን ሁለቱም በሮች ወደ አንድ ጎተራ ይከፈታሉ፤ ከበራቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አልተነሳም።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ21 ዓመቱ፣ የሊኑክስን የመጀመሪያ ኮድ ለቀቀ። የማህደረ ትውስታው ፋይል ውስጥ «ጌት ፍሪ ፔጅ» የሚል ፋንክሽን ነበር፤ ስሙ እንደሚለው ነጻ ገጽ፣ ማለትም ማህደረ ትውስታ ከሚከፋፈልባቸው እኩል ቁራጮች አንዱን፣ ፈልጎ ይሰጣል። ከላዩ ያለው ማስታወሻ የመጀመሪያውን ነጻ ገጽ እንደሚያመጣ ይነግራል፣ ከዚያም በቅንፍ፣ ከፈገግታ ምልክት ጋር፣ በእውነቱ የመጨረሻውን እንደሆነ ያርማል። የዚያ ፋንክሽን ስም ምህጻር «ጂኤፍፒ» ሆኖ በከርነሉ ሁሉ ተረጨ። አሁን ከርነል ውስጥ ቦታ የሚጠይቅ ሁሉ «ጂኤፍፒ ከርነል» ወይም «ጂኤፍፒ አቶሚክ» እያለ ነው የሚጠይቀው፤ ጥቂት ባይት ብቻ ለሚፈልግ፣ ገጽ የሚባል ነገር በሐሳቡ ላልመጣ ሰውም ቢሆን።

ሊነስ ስለ ስም አወጣጥ የጻፈው መመሪያ አለ፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይሰራጫል። ለጊዜያዊ ቆጣሪ ዐረፍተ ነገር የሚያህል ስም በሚያወጡ ሰዎች ላይ ይሳለቃል፤ በፋንክሽን ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር አጭር ስም ይበቃዋል ይላል። ከሁሉም ቦታ የሚጠራ ፋንክሽን ግን ሥራውን የሚናገር ስም እንዲኖረው አጥብቆ ያዛል፤ አናባቢዎቹን የገደፈ ምህጻርም አይፈቅድለትም። የማሙሽ ሕግ ነው በሌላ አነጋገር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በከርነል ውስጥ መልአክ የለም፤ ያለው የለውጡ ማስረከቢያ ቀን የደረሰበት ሰው ነው። አድራሻን ወደ ገጽ የሚመራው የገጽ ሰንጠረዥ ደረጃዎች ሲጨመሩ የታየው ይህ ነው። ሊኑክስ በሦስት ደረጃ ይሠራ ነበር፤ በመካከል ያለው «ፒኤምዲ» ይባላል፣ ኤም መካከለኛ ማለት ናት። በ2005 አራተኛ ሲጨመር ከመካከለኛው በላይ ስለተቀመጠ «ፒዩዲ»፣ የላይኛው፣ ተባለ። በ2017 አምስተኛው መጣ። የላይኛው ስም ተወስዷል፣ ቁንጮው «ፒጂዲ» ነው፤ በሁለቱ መካከል ለገባው ስም ጠፋና «ፒ4ዲ» ተባለ። ይኸው ቁጥር ሆኖ ቀረ። አምስቱ ደረጃዎች 57 ቢት አድራሻ፣ 128 ፔታባይት ይደርሳሉ፤ ስድስተኛ ሲመጣ ምን እንደሚባል ከወዲሁ የሚያሳስበው ሰው ይኖራል።

ስሞችን የማጥራት ሥራም አለ። በ2016 «ፔጅ ካሽ ሳይዝ» የሚለው ቋሚ ተሰረዘ። የዲስክ መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል አንድ ቀን ከገጽ በሚበልጥ ቁራጭ ይሠራል በሚል ተስፋ የገባ ስም ነበር። ተስፋው ሳይፈጸም ዓመታት አለፉ፤ መጠኑ ምንጊዜም ከተራው «ፔጅ ሳይዝ» ጋር እኩል ነበር። ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ግን ከሁለቱ የትኛውን ልጠቀም እያለ መጠየቁ አልቀረም።

በዚያው ዓመት የእያንዳንዱን ገጽ ይዞታ የሚቆጥረው «ካውንት» ስሙ «ሬፍካውንት» ተባለ። ገጹን ስንት ነገር እንደያዘው ይቆጥራል። ከጎኑ «ማፕካውንት» አለ፤ እሱ የሚቆጥረው ገጹ በስንት የገጽ ሰንጠረዥ ውስጥ እንደተመዘገበ ሲሆን መነሻው ከዜሮ ሳይሆን ከ−1 ነው፤ 0 ሲያሳይ አንድ ተመዝጋቢ አለ ማለት ነው። የስሙ ለውጥ ግን ለውበት ብቻ አልተደረገም። ቆጣሪውን በተዘጋጀለት ፋንክሽን ሳይሆን በእጃቸው የሚነኩ ቦታዎች ነበሩ። ስሙ ሲለወጥ በድሮው ስም የሚጠራው ሁሉ ኮምፓይል አልሆን አለ። ደጁን ቀይሮ ማን በጓሮ ይገባ እንደነበር ማወቅ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን «ማክስ ኦርደር» አሳየ፤ ከሁሉም ይልቅ ታሪኩ መነገር ያለበትም እሱ ነው። ሊኑክስ ገጾችን የሚሰጠው በሁለት እጥፍ እያሳደገ ነው። ኦርደር 0 አንድ ገጽ፣ ኦርደር 1 ሁለት ገጽ፣ ኦርደር 2 አራት። የአብዛኛው ማሽን ገጽ 4 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ኦርደር 10 ላይ ሲደረስ 1,024 ገጽ፣ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ ጣሪያውም ይኸው ነው። እንግዲህ «ከፍተኛው ኦርደር» የሚል ትርጉም ያለው ቋሚ ስንት መሆን አለበት? አሥር የሚል አንባቢ አልተሳሳተም። ቋሚው ግን 11 ነበር። የደረጃዎቹ ብዛት እንጂ ከፍተኛው ደረጃ አልነበረም፤ ከዜሮ እስከ አሥር አሥራ አንድ ናቸውና።

ስሙ ግልጽ እንግሊዝኛ ነው። አናባቢ አልተገደፈም፣ ፊደል አላነሰም። ነገር ግን ይዋሻል። «ኤኤ» ምንም አልነገረንም፤ አላሳሳተንምም። «ማክስ ኦርደር»ን ያመነ ሰው ግን «ከዚህ ካልበለጠ ይፈቀዳል» ብሎ ይጽፍና 11ን ያሳልፋል። ይህ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በ2023 ኪሪል ሹተሞቭ ጉዳዩን ሲያነሳ በከርነሉ የተለያዩ ክፍሎች እንዲህ የተሳሳቱ ቦታዎችን አግኝቶ አረመ። ቀጥሎ ትርጉሙን ከስሙ ጋር አስታረቀ፤ በ6.4 እትም ማክስ ኦርደር 10 ሆነ።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ተወለደ። ቋሚው ያው ስም፣ ሌላ ዋጋ። በድሮው ልማድ የተጻፈ ኮድ ከውጭ ሲመጣ ያለ አንዳች ቅሬታ ኮምፓይል ይሆናል፤ ግን በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ማሽኑ ስም ሲጠፋበት ይጮሃል፣ ትርጉም ሲለወጥበት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ በ2024 በወጣው 6.8 ስሙም ተለወጠ፤ ጣሪያው «ማክስ ፔጅ ኦርደር»፣ ብዛቱ ደግሞ ለብቻው «ኤንአር ፔጅ ኦርደርስ» ተባሉ። ሁለት ነገር ነበር፤ ሁለት ስም አገኘ።

በ2020 የተደረገው የ«ኤምማፕ ሴም» ለውጥ ከዚህ በጣም የሰከነ ነበር። የአንድን ፕሮግራም የአድራሻ ካርታ የሚጠብቅ ቁልፍ ነው፤ «ሴም» ሴማፎር ከሚለው የመጣ ነው፤ ቁልፉ በምን እንደተሠራ እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ሚሼል ሌስፒናስ አስቀድሞ ቁልፉን የሚዘጉና የሚከፍቱ ፋንክሽኖች አዘጋጀ። በየቦታው የተበተኑትን ጥሪዎች የቀየረው በእጅ አይደለም፤ ኮክሲኔል በተባለ፣ ስሙ በፈረንሳይኛ የአንዲት ባለ ነጥብ ጥንዚዛ በሆነ መሣሪያ ነው። ቁልፉ «ኤምማፕ ሎክ» ተባለ፤ 5.8 ላይ ገባ።

ጭቅጭቁ የበረታው ግን «ፎሊዮ» ላይ ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ገጽ 64 ባይት የሆነ መዝገብ፣ «ስትራክት ፔጅ»፣ ይይዛል። 16 ጊጋባይት ያለው ማሽን 4,194,304 ገጽ አለው፤ መዝገቡ ብቻውን 256 ሜጋባይት ይፈጃል። ከብዛቱ የከፋው ግን አሻሚነቱ ነው። ገጾች ተጣምረው አንድ ትልቅ ቁራጭ ሲሆኑ የመጀመሪያው ራስ፣ የቀሩት ጅራት ይባላሉ፤ ሁሉም ግን «ፔጅ» ናቸው። «ፔጅ» የሚል ቫሪያብል የተሰጠው ፋንክሽን የያዘው አንድ ተራ ገጽ ይሁን፣ የጥምሩ ራስ ይሁን ወይም ጅራት አያውቅም። ስለዚህ በየደረሰበት ይፈትሻል። ወይም መፈተሹን ይረሳል።

በኦራክል ይሠራ የነበረው ማቲው ዊልኮክስ በ2020 መጨረሻ ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ አዲስ ዓይነት መፍጠር ነበር፤ በፍጹም ጅራት እንዳይሆን ዋስትና ያለው። ስሙንም ከመጽሐፍ ዓለም ተዋሰ። ገጽ ገጽ ነው፤ ፎሊዮ ቅጠሉ ነው። የብራና መጻሕፍት ምሁራን ሲቆጥሩ ገጽ ሳይሆን ቅጠል፣ ፊትና ጀርባ እያሉ እንደሚቆጥሩት ማለት ነው። በ2021 የሐሳቡ አዳዲስ ቅጂዎች በወጡ ቁጥር ክርክሩ አገረሸ፤ ግማሹ ስለ አሠራሩ፣ ግማሹ ስለ ስሙ። ቃሉ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ዊልኮክስ «ፔጅሴት» የሚል ሌላ ስም ሰጥቶ አማራጭ እስከማዘጋጀት ደረሰ። እንግዳነቱ ግን ጥቅም ሳይሆን አልቀረም፤ በዚያ ሁሉ ኮድ ውስጥ ማንም «ፎሊዮ»ን ለሌላ ነገር አልተጠቀመበትም ነበርና፣ አንባቢው ሲያየው ምን እንደተረጋገጠለት ወዲያው ያውቃል። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፎሊዮ በ5.16 ገባ፤ እትሙ የወጣው ጥር 9 ቀን 2022 ነው። ከገጽ የሚበልጠው ቁራጭ፣ በ2016 ስሙ የተሰረዘው ያ የቆየ ተስፋ፣ በሌላ ስም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የማህደረ ትውስታውን ኮድ ከ«ፔጅ» ወደ «ፎሊዮ» የመቀየሩ ሥራ እትም በእትም እየተጎተተ ቀጥሏል። ሊነስ በ1991 በጻፈው ፋይል ውስጥ «ዱ ደብልዩፒ ፔጅ» የምትባል ፋንክሽን ነበረች፤ እንዳይጻፍበት የተከለከለ ገጽ ላይ ፕሮግራም ሊጽፍ ሲሞክር የምትጠራ። አሁንም በዚያው ስም በሚጠራው ፋይል ውስጥ አለች። ስሟ ፔጅ እንዳለ ነው፤ ከውስጧ ያለው ቫሪያብል ግን ፎሊዮ ሆኗል።